በወተት ፋንታ ተልባ

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

ባጃጅ ተገልብጦ የተሰበረው መንጋጋዬ በሽቦ ከታሰረ ዛሬ ሃያ ቀኑ። በስትሮ የማይሳብ ነገር ሁሉ ለእኔ ምግብ አይደለም። ሐኪሙ ወተት አብዛ ብሎኛል፤ የንስሐ አባቴም ሁዳዴ ቢሆንም ለመድኃኒት ነው ብለው ፈቅደውልኛል። እናቴ ጠዋትና ማታ የገብስ አጥሚት በወተት ትሠራልኛለች። እኔ ግን ይኸው ለቀበቶዬ ዛሬ በምስማር ሌላ ቀዳዳ በሳሁለት።

ሲርበኝ መቀመጥ አልችልም። ከበር እስከ ጓዳ ስመላለስ ሳታስበኝ ደረስኩባት፤ አጥሚቱ ላይ የምታፈሰው የተልባ ውሃ ነው! ወተቱ እንደተከደነ አጠገቧ ቁጭ ብሏል።

«ምነው እማ?» አልኳት በታሰረ ጥርሴ መሃል።

«ለቀዶ ጥገና ሲያስገቡህ፣ ልጄን በሕይወት አውጪልኝ እንጂ ይህን ጾም አይገድፍም ብዬ ለእመቤቴ ተስያለሁ። አባ ቢፈቅዱስ፣ የእኔን ስለት ማን ይፈታዋል?»

የተሳልሽው እኮ በእኔ አፍ ነው ብዬ መጮህ አማረኝ። አፌ አይከፈትም።

ወተቱን በብርጭቆ ቀድቼ ፊቴ አስቀምጬዋለሁ። እሷ እህል ውሃ ሳትቀምስ ትይዩ ተቀምጣ ታየኛለች። ስትሮውን ሦስቴ አንስቼ መለስኩት።