በስምህ የቆጠርኳቸው አሞሮች

አዘዞ፣ ሐምሌ

ለምወድህ ወንድሜ፤

የተራራው ብርድ እንዴት ይዞሃል? ወገብህ ተሻለህ ወይ? ተማሪዎችህስ ክረምቱን እንዴት ይዘውታል? እኔ በአምላክ ቸርነት በአካሌ ደህና ነኝ፤ የማይታመም የለምና ጥርሴን ትንሽ ያመኛል። ናፍቆትህ ግን ከጥርሱ ይብሳል።

ይህን ወረቀት በአያ ዋኘው እጅ የላክሁት በስልክ መናገር ስለፈራሁ ነው። እሱ እስካሁን ፎቶ ያለበትን የካሜራህን ሚሞሪ በአውቶቡሱ ከደባርቅ ይዞ ያመጣልኝ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ለእኔ ይላክልኝ። ምነው ፊትሽ ጠቆረ ብሎ ጠየቀኝ፤ በጥርሴ አሳበብሁ። አንተን ግን አልዋሽህም።

ያ የአሞራ ቆጠራ ከነሥልጠናው ሲመጣ ስንት ደስ ብሎን ነበር! ተፈጥሮ የሚወድ ሁሉ፣ ምሁር ባይሆንም፣ ያየውን ወፍ ፎቶ አንሥቶ ቦታውን ጠቅሶ ይላክ፣ ሳይንቲስቶቹም ከዚያ ይማራሉ ሲሉ፣ ከቅዳሴ ወጥተህ ገደል አፋፍ የምትቀመጠው አንተ ዕድሜ ልክህን የጠበቅኸው ሥራ የመጣ መሰለህ። አጥንት ከሰማይ ወደ ዓለት እየጣለ የሚሰብረውን ጢማሙን አሞራህን ከነጎጆው ፎቶ አነሣኸው። እፀገነት አራዳ ባለው ኢንተርኔት ቤቷ ሆና ፎቶውን ስታስገባው፣ ዓለም ሁሉ በሚያየው ካርታ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ ወጣች። የእኔ ወንድም ነው ብዬ አጠገቤ ለተቀመጠው ለማላውቀው ሰው ሁሉ አወራሁ።

ግን መቼም ያንተ ነገር! ሌላው ቆጣሪ ሁሉ አንድ ቅጽል ስም ጽፎ ሲያልፍ አንተ አልሆነልህም። የአብነት ተማሪ ማን ነህ ሲባል መምህሩንና ደብሩን ሳይጠራ አያርፍም፤ አንተም ሙሉ ስምህን ከነክርስትና ስምህ፣ ደብርህን፣ የኔታን ከነሀገራቸው ከፎቶው ሥር አስጻፍኸን። እፀገነት ይሄ ሁሉ አያስፈልግም መሪጌታ ብትልህ፣ ምስክር ስሙን ደብቆ አይመሰክርም ብለህ ገሠጽሃት። እሷም ፈገግ ብላ ጻፈችልህ።

ለጥምቀት የወረድህ ጊዜ «የአእዋፍ ወዳጅ» ነኝ የሚል ሰው ከፎቶህ ሥር ጥያቄ ጽፎልህ ቆየ። ወፉ ሸጋ ነው፣ ምን ቀን ነው የምትወጣው፣ ብቻህን ነህ ወይ፣ ካሜራውን የሰጡህ ፈረንጆቹ ናቸው ወይ ይልሃል። ስለ አሞራህ የሚጠይቅህ ሰው በማግኘትህ ደስታህ ወሰን አጣ። በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ከዓለቱ ሥር ብቻዬን አለሁ፣ ብትመጣ አሳይሃለሁ ብለህ አስጻፍህ። እኛም እንዳልኸው ጽፈን ላክንለት።

አሁን ስማኝ። በሥልጠናው አብሮህ የነበረው ህሩይ፣ ጭልጋ መንገድ ላይ ያለው የጤና ሠራተኛ፣ ሽመላ ሊቆጥር እንደወጣ አልተመለሰም። ማን እንደወሰደው የሚያውቅ የለም። ሚስቱ የዓለምወርቅ ፈረንጅ በዶላር ይከፍለዋል እየተባለ ይወራበት ነበር ብላ እያለቀሰች ነገረችኝ። እኛ እንደምናውቀው ህሩይ ከዚያ ቆጠራ ያገኘው የጫማ ጭቃ ብቻ ነው። እፀገነት የእሱን ፎቶዎች ስትከፍት፣ ያው «የአእዋፍ ወዳጅ» ያንኑ ጥያቄ ቃል በቃል ጠይቆታል። ምን ቀን ነው፣ ብቻህን ነህ ወይ። እፀገነት ወዲያው ያንተን ፎቶ በሙሉ አጠፋችው።

በማግሥቱ ከዚያው ሰው መልእክት መጣ። ፎቶዎቹ ምነው ጠፉ፣ ወንድማችን ታሞ ነው ወይ ይላል። ወንድማችን! ከዚያች ቀን ጀምሮ እህል አይወርድልኝም። በር ሲንኳኳ በቀዳዳ ሳላይ አልከፍትም፤ ባጃጅ ደጃፌ ላይ ሲቆም ትንፋሼን እይዛለሁ። ልጅ ሳለን ጅብ ሲጮህ ከአንተ ሥር የምወሸቀው እኔ ነበርሁ፤ በአንድ ዓመት ታናሼ ሆነህ ታላቄ ትመስል ነበር። ዛሬም ያችው ፈሪ ነኝ።

ፎቶው ቢጠፋም ሰውዬው አንብቦታልና፣ እባክህ፣ ወደ ገደሉ አትውጣ። ደብሩ ውስጥም አትቀመጥ። የኔታ ዘንድ እሄዳለሁ ደግሞ እንዳትል፤ የእሳቸውንም ሀገር ጽፈሃል። ስሙን ለማንም ወዳልነገርኸው ቦታ ሂድ። የት እንደሆነ ለእኔም አትንገረኝ። ቢጠይቁኝ አላውቅም ስል እውነት ይሁን።

እስክትሄድ ፋታ እንድታገኝ አንድ ነገር አድርጌአለሁ፤ አትቆጣኝ። ቆጠራውን በስምህ ቀጠልሁት። ወገቡን ታሞ ወርዷል፣ አዘዞ እህቱ ቤት ተኝቷል፣ አሁን የሚያየው በግቢው ላይ የሚያልፉትን ነው ብዬ ጻፍሁ። ጭልፊትና ጥንብ አንሳ በስልኬ እያነሣሁ አስገባለሁ፤ አንገቴ እስኪደነዝዝ ወደ ላይ አያለሁ። ብታየኝ ትስቅብኝ ነበር። «የአእዋፍ ወዳጅ» ወዲያው እግዚአብሔር ይማርህ ብሎ መለሰ። ቤቱ የትኛው እንደሆነም ጠየቀ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ፣ አረንጓዴው በር ብዬ ነገርሁት። እፀገነት አበድሽ ወይ ብላ ጮኸችብኝ። እሱ ወደዚህ ሲያይ ወደ ላይ፣ ወደ ተራራው አያይም አልኋት።

ልጆቹን እንፍራንዝ አክስታችን ዘንድ ላክኋቸው። ትምህርት ተዘግቷል፣ እዚያ ይጫወቱ፤ ትንሿ እያለቀሰች ነው የሄደችው። እኔ ግን ቤቱን ባዶ ልተው አልችልም፤ በሽተኛ ያለበት ቤት ጭስ ከሌለው ሰው ይጠረጥራል። ጎረቤቴ ይታየው ውሻውን አውሶኛል፤ ውሻው ግን ከእኔ የባሰ ፈሪ ነው፣ ሲመሽ አልጋዬ ሥር ይገባል።

አምላክ እግርህን ከእንቅፋት ይጠብቅ። የምታስተምራቸው ልጆች ለወግ ለማዕርግ ይብቁልህ። ማርያም በሄድህበት ትቅደምልህ፣ በክረምቱ ጉምም ጋርዳ ታሳልፍህ። ለፍልሰታ እወርዳለሁ ያልኸውን ተው። ስለ እኔ ማንም ምንም ቢነግርህ አትውረድ። ስልኬ አልነሣ ቢልህ ኔትወርክ ነው በል።

እህትህ