ሦስት ሴንቲ ተኩል

ውድ ወንድም ጋሼ፣

የብስክሌቱን ፍሬም አልልክም። ይህን መጀመሪያ ላይ የጻፍኩት ደብዳቤ አጋምሶ የመተው ልማድህን ስለማውቅ ነው። ያልደወልኩልህ ደግሞ በስልክ አንተን የሚያሸንፍ ሰው ገና ስላልተወለደ ነው። «ስማኝ» ስልህ «ቆይ፣ መጀመሪያ አንቺ ስሚኝ» ትላለህ፤ ከዚያ እኔ ስሰማ ቆይቼ ስልኩ ይዘጋል። ወረቀት ላይ ግን ልታቋርጠኝ አትችልም።

ባለፈው ሳምንት ለእማዬ ደውለህ የአክስታችን ልጅ ኮሌጅ መግባቷን፣ መመላለሻ መቸገሯን ነገርካት። «ያ ቀይ ፍሬም እንደሆነ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አቧራ ይጠጣል። የሷና የእህቴ ቁመት አንድ ነው፤ ልክ ይሆናታል፤ ይላክላት» አልክ። እማዬ መልእክቱን ስታደርስ ፊቷ በርቶ ነበር። «አየሽ፣ ወንድምሽ ለሰው አሳቢ ነው!» አለችኝ። የያዝኩትን ብርጭቆ ሳልወረውር ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጤን እንደ ትልቅ ትዕግሥት ቁጠርልኝ።

ያመጣህበትን ቀን ታስታውሳለህ? የቀያሽነት ሥራ ከጀመርኩ ወር አልሞላኝም ነበር። ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት የምመላለስበት ብስክሌት ልገዛ ነው ስልህ «ለኔ ተይው» አልክ። ቅዳሜ ከሰዓት ፍሬሙን በትንሿ ጣትህ አንጠልጥለህ በሩ ላይ ቆምክ።

«ላባ ነው! የውድድር ሜዳ ፍሬም ነው። ቋሚ ማርሽ ይገባለታል። ጎማው ከዞረ እግርሽ ይዞራል፣ ማረፍ የለም።»

«ፍሬኑ የት ጋ ነው የሚታሰረው?» አልኩህ። የፊት ጎማውን በሚይዘው ሹካ ላይ የፍሬን ቀዳዳ አልነበረም።

«እግርሽ ነዋ ፍሬኑ!»

«ሲዘንብስ? ፓራፋንጎ የሚገባበት ክፍተት እንኳ የለውም እኮ።»

«እማዬ፣ ነይ ስሚልኝ! ወይዘሪት ፍሬን መጣችልሽ!»

ሁላችሁም ሳቃችሁ። እኔም ሳቅሁ። ያቺ ሳቄ እስካሁን ታንገበግበኛለች። እኔ የሰው አጥር ግማሽ ሜትር ገፍቷል ብዬ ጎረቤትና ጎረቤት የማፋጥጥ ሴት ነኝ፤ ሜትሬም ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ግን አልለካሁም። ያንተን ምርጫ መለካት ነውር መሰለኝ። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ኮርቻውን ይዘህ ከኋላዬ እየሮጥክ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ዞር ስል ከለቀቅከኝ ቆይተሃል፤ እኔ ለካ ብቻዬን ነበር የምነዳው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ብስክሌት የምትናገረውን ሁሉ እንደ ወረደ እቀበል ነበር።

ጎማና ፔዳል ተገጥሞለት መንዳት በጀመርኩ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ወደቅሁ። የመሥሪያ ቤታችን መግቢያ በሁለት የሲሚንቶ ምሰሶዎች መካከል የጠበበ ስለሆነ ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ መታጠፍ ያስፈልጋል። መሪውን ሳዞር ግራ እግሬ አንድ ነገር ነክቶ ተቀረቀረ። ሌላ ብስክሌት ቢሆን መርገጤን አቆም ነበር። ይሄኛው ግን ማቆም አያውቅም፤ የኋላ ጎማው እግሬን ገፋው፣ እኔም በቀኝ እጄ መሬት ላይ አረፍኩ።

«እሜቴ፣ መሬቱን በክንድሽ ነው እንዴ የምትለኪው?» አለ ዘበኛው። የእጄን አንጓ ሲያይ ሳቁ ጠፋ።

አንተ ማታ መጣህ። መጀመሪያ ያየኸው ብስክሌቱን ነው። የፊት ጎማውን አንስተህ አሽከረከርከው፣ ጆሮህን አስጠጋህ፣ «ምንም አልሆነም» አልክ። ክንዴ ጀሶ ውስጥ ነበር። ከዚያ ወደ እማዬ ዞረህ «ደንግጣ ነው። ቋሚ ማርሽ ድንጉጥ ሰው አይወድም» አልካት።

እማዬ በማግስቱ ፈቃድ ልትጠይቅልኝ አለቃዬ ጋ ስትደውል ይህንኑ ቃል አቀበለች። ጀሶው ተፈትቶ ስመለስ የተራራውን መንገድ ቅየሳ፣ ከተመረቅሁ ጀምሮ ስጠብቀው የነበረውን ሥራ፣ ለሌላ ሰው ሰጥተውታል። «ለራስሽ ብለን ነው» አለኝ አለቃዬ። «ገደላማ ቦታ ነው። እስቲ ልብሽ ይርጋ።» ካርታ ክፍል አስገቡኝ። ስድስት ወር የሞቱ ካርታዎች ስጠቀልል ኖርኩ። በአውቶቡስ ስሄድ ያቺን መታጠፊያ በሐሳቤ ደጋግሜ እታጠፋታለሁ። በእርግጥ ደንግጬ ይሆን? ምናልባት እግሬን አጥፌው ይሆን? አንተ ካልከኝ ውጭ ሌላ ምክንያት ላገኝላት አልቻልኩም።

ከሁለት ወር በፊት፣ ከወደቅሁ በኋላ ጎማውን ፈትቼ ግድግዳ ላይ የሰቀልኩትን ፍሬም ተሸክሜ ወደ ብስክሌት ሠሪው ሄድኩ። ሽማግሌው የብየዳ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አንድ ቱቦ እየሞረዱ ነበር።

«በዚህ ለውጠው ለድንጉጥ ሰው የሚሆን ይስጡኝ» አልኳቸው።

«ይቺ የኔ እጅ ሥራ ናት። ድንጉጡ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ማን አለ?»

«ወንድሜ።»

ሞረዳቸውን አስቀመጡ። ጎማና ፔዳል ገጠሙበትና ኮርቻው ላይ ውጪ አሉኝ። ግድግዳውን ይዤ ወጣሁ። «ግራ እግርሽን ወደፊት አድርጊ። አሁን መሪውን ወደ ቀኝ አዙሪ።»

አዞርኩ። የጎማው የኋላ ጠርዝ መጥቶ የጫማዬን ጫፍ መታው።

«ይኸውልሽ ድንጋጤሽ» አሉ።

ወርጄ ሜትሬን አወጣሁ። ከፔዳሉ መሽከርከሪያ እምብርት እስከ ፊት ጎማው እምብርት ሃምሳ ስድስት ሴንቲ ተኩል ሆነ። ጫማዬና ጎማው አንድ ቦታ ላይ ሦስት ሴንቲ ተኩል ይሻማሉ። ወንድም ጋሼ፣ ስድስት ወር ያመመኝ ነገር ርዝመቱ ይሄው ነው።

«ለወንድምሽ ነግሬው ነበር እኮ» አሉ ሽማግሌው፣ ሞረዳቸውን እያነሱ።

«ምን ብለው?»

«ለሜዳ የሠራኋት ናት አልኩት። ሜዳ ላይ ሁሉም በፍጥነት ነው የሚነዳው፤ ሰውነት ያዘነብላል እንጂ መሪ ይሄን ያህል አይዞርም። አጭር ሰው ከተማ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲታጠፍ ግን ጫማው ጎማውን ይነካል፣ ይጥለዋል አልኩት። መሪውን አዙሬ አሳየሁት። ‹ትለምደዋለች፣ እሷ ምን ታውቃለች› አለኝ።»

«ታዲያ ለኔ ለምን አልነገሩኝም?»

«አንቺን የት አውቄሽ፣ ልጄ? ይኸው ዛሬ መጣሽ።»

አየህ፣ ስትመርጥ ብትሳሳት ኖሮ ይቅር ብዬህ ነበር። ሰው ይሳሳታል። የማልረሳው ያን ማታ ነው። ጎማውን አሽከረከርከው፤ መሪውን ግን አላዞርከውም። ብታዞረው ምን እንደምናይ ታውቅ ነበር። እኔ አጠገብህ ቆሜ፣ አንገቴ ላይ በተንጠለጠለ ጨርቅ ክንዴን ይዤ፣ ላደረስኩት ጭንቀት ይቅርታ እጠይቅህ ነበር።

የዚያኑ ቀን ለራሴ መረጥኩ። ሽማግሌው ሦስት ፍሬም አወረዱልኝ። የመጀመሪያው ለኔ ረዘመ፤ ስቆምበት እግሬ መሬት አይደርስም። ሁለተኛው አረንጓዴ፣ የሚያምር ነበር፤ ለካሁት፣ ሃምሳ ስምንት፤ ጫማዬ አሁንም ይነካል።

«ቆንጆ ናት እኮ» አሉ።

«ልዳራት አይደለም፣ ሥራ ልታደርሰኝ ነው።»

ሦስተኛው ግራጫ ነው። ስልሳ ሁለት። ጫማዬ በጎማው አጠገብ ሲያልፍ በመካከሉ ሁለት ሴንቲ ይተርፋል። ሹካው የፍሬን ቀዳዳ አለው፤ ለፓራፋንጎና ለወፍራም ጎማ ይበቃል።

«ክብደት አላት» ብለው አስጠነቀቁኝ።

«እኔም አለኝ» አልኳቸው።

ቋሚ ማርሹን ግን አልተውኩም። እወደዋለሁ፤ መንገዱ በእግሬ ይሰማኛል። ያንን እንኳ አንተ ልታስጥለኝ አትችልም።

በቀጣዩ ሰኞ ጠዋት ዘበኛው ከሩቅ ሲያየኝ «መጣች! ከበሩ ገለል በሉ!» ብሎ ጮኸ። በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል በሰው እርምጃ ታጠፍኩ። ተመልሼ ወጣሁና ደግሜ ታጠፍኩ። «ገባን፣ እሜቴ፣ ገባን!» አለኝ። ለአለቃዬም ልኬቱን በንድፍ ሥዬ ከማመልከቻ ጋር አያይዤ አስገብቻለሁ። ንድፍ ማንበብ ያውቃል፤ መልሱን እጠብቃለሁ።

ንድፍ የማይገባት እማዬ ናት። ሁሉንም ነገርኳት። «ወንድምሽ ብስክሌት ያውቃል፤ ደንግጣ ነው ካለ ደንግጠሽ ነው» አለችኝ። ጠዋት ጠዋት ስወጣ በረንዳው ላይ ቆማ ከመንገዱ እስክጠፋ ዓይኗን ትጨፍናለች። ይህን በየቀኑ ነው የማየው። ከዚያ ጭንቀት ሊያወጣት የሚችለው ያንተ አፍ ብቻ ነው።

ስለዚህ ቀዩ ፍሬም የትም አይሄድም። ሽማግሌው ሱቃቸው በር ላይ ዝቅ አድርገው፣ ከነጎማውና ከነፔዳሉ አስረውታል፤ የሚገዛ ሁሉ መጀመሪያ እግሩን ይሞክርበታል። ለአክስታችን ልጅ ደውዬላታለሁ። ቅዳሜ ትመጣለች፣ ሜትሬን ይዤ አብረን እንሄዳለን፣ የምትመርጠው እሷ ናት።

አንተ ደግሞ እሁድ ለእማዬ ትደውላለህ። «ሠሪው ነግሮኝ ነበር» ትላታለህ። ሌላ ማብራሪያ አልጠየቅኩህም። ካልደወልክ ሰኞ ከሰዓት እጇን ይዤ ሱቁ ድረስ እወስዳታለሁ፤ ወንበር አስቀርቤ ሽማግሌው የነገሩህን በጆሮዋ አሰማታለሁ። ካንተ ብትሰማው ይሻለኛል። እሷ ካንተ በስተቀር ማንን አምና ታውቃለች?

ያኔ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ኮርቻውን ስለያዝክልኝ አመሰግናለሁ። ስለለቀቅከኝም ጭምር። አሁንም ልቀቀኝ።

እህትህ፣
ወይዘሪት ፍሬን