ሦስቱም ወረቀት ላይ አንድ ስም

ጥቅምት 4
የአንዲት ደንበኛ ካውያ ጠግኜ ክዳኑን ስገጥም የእህቴ ልጅ ሱቄ መጣች። ሻይ ልዘዝልሽ ስላት አልፈልግም አለች። ነገር አለ ማለት ነው።

ክሊኒክ ውስጥ ቀጠሮ መዝጋቢ ናት። ከገባች አራት ዓመቷ። ዛሬ የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተሯ ጠርታት፣ «ከታኅሣሥ ጀምሮ ቀጠሮ በድረ ገጻችን ነው የሚያዘው። ደብተር ይዞ የሚቀመጥ ሰው አያስፈልገኝም። የቀጠሮውን ገጽ ሠርቶ የሚያስተዳድር ግን ያስፈልገኛል። ከቻልሽ ቦታው ያንቺው ነው» አለቻት። ካልቻለችስ? እሱን አልተናገረችም። መናገርም አያስፈልግም።

«ታዲያ መማር ነዋ» አልኳት። እኔ ሬዲዮ መጠገን ማን አስተማረኝ? የተበላሸ ሬዲዮ።

ጥቅምት 9
አልጀመረችም። የትኛውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ልማር እያለች ነው። ጎረቤቷ ፓይተን ቀላል ነው አላት። አብሯት የተማረ አንዱ ደግሞ ፒኤችፒ። ቪዲዮ ላይ የምታየው ጺማም ሰውዬ ከጃቫስክሪፕት ውጪ ያለውን ሁሉ ይሰድባል። ሰንጠረዥ ሠርታለች... ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ። ሲያዩት ያምራል።

ዳኛዋ እላታለሁ። በልጅነቷ ሁለት ጫማ ፊቷ ካስቀመጡላት ግማሽ ቀን ትፈርድ ነበር። በመጨረሻ በባዶ እግሯ ትወጣ ነበር።

«አጎቴ፣ አትሳቅ። የተሳሳተውን ብይዝስ?»
«ትተይዋለሽ። ልታገቢው ነው እንዴ?»

ሳቀች። ግን ሰንጠረዡን አልዘጋችም።

ጥቅምት 15
አሥራ አንድ ቀን አለፈ። ዛሬ ሰንጠረዡ ላይ አራተኛ ቋንቋ ጨመረች። አልቻልኩም... ተንኮል ሠራሁ።

ዕጣ እናውጣ አልኳት፣ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት። ኮፍያዬን አውልቄ ሦስት ቁራጭ ወረቀት ጻፍኩ፣ አጠፍኩ። ሦስቱም ላይ ጃቫስክሪፕት። ለምን እሱን? ስሙ ረጅም ነው። ረጅም ስም ያለው ነገር ቁም ነገር አያጣም ብዬ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

አንዱን አወጣች። ፊቷ በራ። «ከላይ የመጣ ነው» አለች። ሳል አስመስዬ ሳቄን ዋጥኩ። የቀሩትን ሁለቱን ኪሴ ከተትኩ።

ጥቅምት 16
ጀመረች። ጎበዝ አጎት ነኝ።

ጥቅምት 28
ስልኳ ላይ የሠራችውን አሳየችኝ። ሲነኩት ቀለሙ የሚለወጥ ቁልፍ። አሥራ ስድስት ጊዜ ነካሁት። ጎረቤቴን ልብስ ሰፊውንም ጠርቼ አስነካሁት። «ታዲያ ምን ይሠራል?» አለ። «ቀለሙን ይለውጣል።» «ከዚያስ?» ይሄ ሰውዬ ደስታ አያውቅም።

ኅዳር 3
መጥፎ ቀን።

የደረሰችበትን ለዶክተሯ ልታሳይ ሄዳ ነበር። የክሊኒኩን ድረ ገጽ ድሮ የሠራው ባለሙያም እዚያው ነበር። «ግን የኛ እኮ በፒኤችፒ ነው የተሠራው» አላት። ቀጠሮ ማስቀመጡም፣ መፈለጉም፣ መሰረዙም... ሁሉም በሱ መሠራት አለበት።

ማናችንም አልጠየቅንም። እሷ ጺማሙን ሰውዬ ሰማች፣ ጎረቤቷን ጠየቀች፤ ክሊኒኩን አልጠየቀችም። እኔስ? ሠላሳ ዓመት ሙሉ የዕቃውን ሆድ ሳላይ ካቻቪቴ አንስቼ የማላውቅ ሰውዬ?

«ዕጣው ነው እኮ ያለው» አለች ጫማዋን እያየች። አንጀቴን በላችው። ወር እንኳ አልቀራትም።

ኅዳር 4
ነገርኳት። ሁለቱን ወረቀት ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላት።

ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። «መምረጥ አትችልም ብለህ ነው አይደል?» አለች።
«አይ፣ ቀኑ ሲያልቅብሽ አይቼ...»
«አዎ በለኝ አጎቴ።»
«... አዎ።»

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ማታ እህቴ ደወለች። ሰላምታም የለ። «ቀልድና ቅዘን ቤት ያጠፋል» ብላ ዘጋችው።

ኅዳር 7
አልመጣችም። ልብስ ሰፊው፣ «ዛሬ ደግሞ ዝም ያልከው አሞህ ነው?» አለኝ።

ኅዳር 11
መጣች። ሳትቀመጥ ነው የነገረችኝ።

ባለሙያውን ራሷ ሄዳ አግኝታዋለች። ለካ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። በሽተኛው ስክሪኑ ላይ የሚያየውና የሚነካው በጃቫስክሪፕት፤ ከጀርባ ቀጠሮውን የሚያስቀምጠው በፒኤችፒ። «ግማሹን ይዘሻል» ብሏታል። ፒኤችፒን ከጀመረች አምስተኛ ቀኗ ነው። ሁለተኛው እንደ መጀመሪያው አያስፈራም አለች፤ ሐሳቡ አንድ ነው፣ አጻጻፉ ይለያያል።

«ማንንም አላማከርኩም። አንተንም» አለች።
«ይገባኛል።»
«ይቅር አላልኩህም ገና።»
«እሱም ይገባኛል።»
«ግን ሥራ አለህ። ገጹን ስጨርስ አበላሽልኝ። ሰው የሚሠራውን ስሕተት ሁሉ ሥራበት። ካንተ የባሰ ተንኮለኛ ከየት አመጣለሁ?»

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ክብር አግኝቼ አላውቅም።

ኅዳር 19
ለትናንት ቀጠሮ ያዝኩ። ተቀበለኝ። ዕድሜ አራት መቶ። ተቀበለኝ። ስልክ ቁጥር በሚለው ቦታ «ለምን ፈለግሽው?» ብዬ ጻፍኩ። ተቀበለኝ። አንዷን ሰዓት ለእኔም ለልብስ ሰፊውም አስያዝኳት። ሁለታችንንም ተቀበለን።

ስትስቅ ዋለች። እየሳቀች ሁሉንም ደብተሯ ላይ ጻፈች።

ኅዳር 24
«ያለፈ ቀን መምረጥ አይቻልም» አለኝ ገጹ። «እባክዎ ትክክለኛ ዕድሜ ያስገቡ።» በአንቱታ ነው እንግዲህ። ሁለት ሰዓት ታገልኩት። ተሸነፍኩ። ደስ አለኝ።

ታኅሣሥ 1
ዛሬ ገጹ ተከፈተ። እስከ እኩለ ቀን አሥራ ዘጠኝ ሰው ቀጠሮ ያዘ። አንዱ ሁለት ጊዜ ተመዘገበ፤ እዚያው አስተካከለችው። ዶክተሯ፣ «ከደብተሩ ጠረጴዛ ተነሺ፤ ቢሮሽ ከላይ ነው» አለቻት። እህቴ ደወለች፤ በዚህኛው ሰላምታም ነበረ።

ታኅሣሥ 5
ከሥራ ስትወጣ ሱቄ ጎራ አለች። ሻይ እዘዢ አለችኝ፤ ሴት አደረገችኝ። አሁን ደግሞ የቀልዷ ተረኛ እኔ ነኝ ማለት ነው።

ስንጠጣ ቆይቼ ጠየቅኳት። ሁለት ቀን ሳስብበት ነበር... በዚህ ዕድሜዬ። «እኔም ልማር ብል፣ በየትኛው ልጀምር?»

ትስቅብኛለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «ምን ልትሠራበት ነው?»

ኮፍያዬን አውልቄ ጭንቅላቴን አከክኩ። አላቻኮለችኝም። በመጨረሻ፣ «ሰው ዕቃ ተሸክሞ ከሩቅ ይመጣና ሱቁ ተዘግቶ ያገኘዋል። ያለሁበትን ሰዓት ከቤቱ የሚያይበት ነገር... ከዚህ ሌላ አላውቅም» አልኳት።

ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች። «ይበቃል። በዚሁ እንጀምር» አለች።