እናቴ በማሳያ ቤትዎ አልጋ ላይ ስለ መተኛቷ

ለተከበሩ የአነስተኛ ዋጋ ቤቶችና የቤት አልባነት መከላከያ ፈንድ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም ደግሞ ቤትዎ እንደምን አለ? ጣሪያው እንደማያፈስ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የተያየነው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም እናቴ አልጋዎ ላይ በተኛችበት ቀን ስለሆነ መልኬን ባያስታውሱት አልቀየምዎትም። ያን ቀን ሁላችንም ግርግር ላይ ስለነበርን በወጉ ሳላመሰግንዎ ተለያየን። ስለዚህ ዛሬ አገር እየሰማ ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቀርብልዎ ብዕር አንሥቻለሁ።

አንደኛ፤ መንግሥት፣ ሰው ቤቱን ሳያጣ በፊት ይደገፍበት ብሎ የመደበውን በጀት፣ እርስዎ የአደራ ነገር አይነካም በሚል ጨዋነት ማንም ሳይደርስበት ጠብቀው ስላቆዩት አመሰግናለሁ። ይህን ያወቅሁት በራሴ ደርሶ ነው። እኔና እናቴ ዕድሜያችንን የኖርንበትን ግቢ አከራያችን ሲሞቱ ልጃቸው ሸጠው፤ ገዢውም ልቀቁልኝ አለ። በሰፈሩ ያለው ኪራይ ሁሉ ከአቅሜ በላይ ሲሆንብኝ እናቴን ደግፌ ወደ መሥሪያ ቤትዎ መጣሁ። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ሠራተኛዎ፣ ትሕትናዋ የሚመሰገን ነው፣ “እህቴ፣ አንቺ እኮ አሁን ቤት አለሽ” አለችኝ። ሊያስወጡን መሆኑን ብነግራት፣ “እንግዲያው ሲያስወጧችሁ ነያ” አለች። እናቴ የሆስፒታል አንሶላ ስታጥብ ያረጀች ሴት ናት፤ የደከመው ጉልበቷ እንጂ ምላሷ አይደለም። “ልጄ፣ ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ ሲባል አልሰማሽም? በራችሁ ላይስ መከላከያ ተብሎ አይደል የተጻፈው?” ብትላት፣ ሠራተኛዎ “እማማ፣ እሱማ ስማችን ነው” ብላ በአክብሮት መለሰችላት።

ሁለተኛ፤ በተመከርነው መሠረት እስኪያስወጡን ጠበቅን። ገዢው የላካቸው የቀን ሠራተኞች ጣሪያውን መንቀል የጀመሩት እናቴ ውስጥ እያለች ነው። እኔ ከጎረቤታችን ከፀጉር አስተካካዩ ጋር የስፌት መኪናዬን ተሸክመን ወደ ሱቁ እየወሰድን ሳለ የቆርቆሮውን ድምፅ ሰማሁና መኪናዋን በእሱ ላይ ጥዬ ሮጥሁ። ስደርስ ከእናቴ አልጋ በላይ ሰማይ ይታያል። ጣሪያው ላይ የወጣው ሰውዬ “እማማ፣ ስለ ፈጣሪ ይውጡልኝ፣ ይወድቅብዎታል!” እያለ ይለምናል፤ ከታች ያለው አለቃው “አንተ ዝም ብለህ ንቀል!” እያለ ይጮኻል። እናቴ የአባቴን አሮጌ ካፖርት አቅፋ፣ “ጉልበቴ እንቢ አለኝ” አለችኝ። ፊቷ ለመሳቅ ይሞክራል። አዝዬ አወጣኋት። ደጃፉን እንዳለፍን አንዱ ቆርቆሮ ከኋላችን አልጋዋ ላይ ሲያርፍ የሰማሁት ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ ጎረቤት ተከፋፈለን። ለእናቴ የጎረቤታችን የበያጁ ሚስት ከልጆቿ ጎን አነጠፈችላት፤ እኔ ከተማው ዳር ያለችው የአክስቴ ልጅ ዘንድ ተጠጋሁ፤ የስፌት መኪናዬ ፀጉር ቤት ገባች። ከተወለድሁ ጀምሮ ከእናቴ ተለይቼ ሳድር የመጀመሪያዬ ነበር። አሁንስ ደንቡን አሟልተናል ብዬ ወደ መስኮቱ ብመለስ ሠራተኛዎ፣ “የምታድሩት ጣሪያ ሥር ነው አይደል? እንግዲያው ቤት አልባ አይደላችሁም፤ ተጠጊ ናችሁ። ለተጠጊ ደግሞ በጀት አልተያዘም” ብላ አስረዳችኝ። ክቡርነትዎ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሲባል እሰማ ነበር፤ ጅብ ሲመጣም ሲሄድም የማይጮኽ ውሻ ግን ያየሁት በእርስዎ ግቢ ነው። የሰፈሩን እንቅልፍ ላለመረበሽ ብለው እንደሆነ ስለገባኝ ለዚህም አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፤ ሥራ ሰጥተውኛል። በመሥሪያ ቤትዎ ግቢ ያሠሩትን የማሳያ ቤት የሚያሰናዳው ተቋራጭ፣ ፀጉር ቤት ጥግ መኪናዬን ስረግጥ አይቶ የመጋረጃውን ሥራ ሰጠኝ። ልሰቅል ስመጣ ቤቱን አየሁት። ግድግዳው ነጭ፣ አልጋው ሰፊ፣ ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ ብርቱካን፤ ቧንቧውን ብከፍተው ውኃ የለውም፣ ለካስ ከምንም ጋር አልተያያዘም። ፈንዱ ላም አለኝ በሰማይ ነው እያሉ የሚያሙዎት ሰዎች አፈር ይብሉ፤ ላሟ መሬት ወርዳለች፣ የተከለከለው ማለቡ ብቻ ነው።

በምረቃው ዕለት መላው ሕዝብ እንዲጎበኝ በሬዲዮ ተጋበዘ። እናቴ፣ “ሕዝብ ከተባለ እኔም አለሁበት፤ የልጄን መጋረጃ ልየው” ብላ ተነሣች። ክቡርነትዎ፣ ተማክረን ያደረግነው ነገር እንዳይመስልዎት፤ ያማከራት ጉልበቷ ነው። እደጃፉ ስትደርስ እንደ ወጉ “ቤት ለእምቦሳ!” አለች። በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ሳያስበው “እምቦሳ እሰሩ!” ብሎ መለሰላትና ራሱም ደነገጠ። እናቴ መጋረጃዬን ዳሰሰች፤ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች፤ ቀስ ብላም ጫማዋን አውልቃ ጋደም አለች። ጎብኚው መጀመሪያ የትርኢቱ ክፍል መስላው ሳቀላት። የመዝጊያው ሰዓት ሲደርስ ግን አልነሣም አለች።

የጥበቃ ኃላፊው መጣ፤ “አንሣት!” አለው ጥበቃውን። ጥበቃው ንቅንቅ አላለም። “አልሰማህም? አንሣት ነው የምልህ!” ሲለው ሰውየው ባርኔጣውን አወለቀና፣ “ጌታዬ፣ እናት የሚያክሉ ሰው ከተኙበት አልጎትትም” አለ። እኔ የእናቴን እግር ይዤ፣ “እማዬ ተነሽ፣ በሞቴ ተነሽ፣ ያስሩናል” እላለሁ፤ እሷ የአልጋውን ብረት ጨብጣ ጣሪያውን ታያለች። ጣሪያው ላይ ሰው መኖር አለመኖሩን እያየች እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው። በዚህ መካከል እርስዎ ከእንግዶችዎና ከካሜራዎቹ ጋር ገቡ።

እናቴ፣ “ልጄ፣ ይህ ቤት የማን ነው?” ብላ ጠየቀችዎት። እርስዎ ወደ ካሜራው ዞር ብለው በፈገግታ፣ “የሕዝብ ነው፣ እማማ” አሉ። “እንግዲያው እባክህ መብራቱን አጥፋልኝና በሩን ዝጋው፤ ብርድ ገባ” አለችዎት። እንግዶችዎ ሳቁ፤ እርስዎም ሳቁ፤ “ለእማማ በአስቸኳይ መፍትሔ እንሰጣለን” ብለው ቃል ገቡ። አስቸኳይ ሲሉ እንዴት ያለ አስቸኳይ እንደሆነ ያየነው ካሜራዎቹ ከግቢው እንደወጡ ነው። ፖሊሶቹ ጣቶቿን ከብረቱ ላይ አንድ በአንድ ሲያላቅቁ እናቴ በጉልበቷ ሕመም ጮኸች፤ ያን ጩኸት ከእሷ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ጫማዋን ያቀበለን ያው ጥበቃ ነው።

አራተኛውና የመጨረሻው ምስጋናዬ ስለ ዕውቅናው ነው። አሁን ከእናቴ ጋር ፀጉር ቤቱ ጀርባ ባለችው የዕቃ ክፍል እንኖራለን። ፀጉር አስተካካዩ ዕቃውን አውጥቶ ለቀቀልን፤ በያጁ ያለ ክፍያ በር ገጠመልን፤ አንዳችን ስንገላበጥ ሌላችን መነሣት አለብን እንጂ አብረን ነን። የእርስዎ እጅ ያልገባበት ሥራ በመሆኑ ቶሎ አለቀ። ታዲያ ባለፈው ሰሞን በዋናው መንገድ ሳልፍ ቀና ብል፣ በትልቁ ሰሌዳ ላይ እናቴ በማሳያ ቤቱ አልጋ ተኝታ አየኋት። “ከጎዳና የታደግናቸው እናት” ይላል ከሥሩ። ወስጄ ባሳያት ቀና ብላ አየችው። “ፎቶውስ አምሮብኛል” አለች። ከዚያ ግን ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ቤት እስክንደርስ አልገለጠችውም። ክቡርነትዎ፣ እናቴ ቤቷ ሲፈርስ አላለቀሰችም ነበር።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፤ ምስሏን ያውርዱልን። ክፍል ስጡን አላልሁም፤ እሱ በጀት ይጠይቃል። ማውረድ ግን መሰላል ብቻ ነው የሚፈልገው።

ወንበርዎን ያጽናልዎ፣ ደጅዎን ጥናት አያሳጣው፣ ከሚያድሩበት ቤት የሚያስወጣዎ አይምጣብዎ እያልሁ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ፤

በደንብዎ መሠረት ቤት አልባ ያልሆንሁት፣ ቤትም የሌለኝ፣
አክባሪዎ ልብስ ሰፊዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ያ ጥበቃ እናቴን አልጎትትም በማለቱ ከሥራ መሰናበቱን ሰምቻለሁ። ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት፤ አከራዩ በወሩ መጨረሻ ልቀቅ ብሎታል። ከሥራው ያስወጡት እርስዎ ነዎት፤ ከቤቱ እንዳይወጣ የመከላከል ሥልጣን ያለዎትም እርስዎ ነዎት። እባክዎ፣ ወሩ ሳያልቅ አስወጪው እርስዎና ተከላካዩ እርስዎ ተገናኝታችሁ ብትነጋገሩበት።