ማረጥና ማረፍ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

አንሶላው ዛሬም በላብ ርሷል። ጠዋት አጥቤ ሰጣሁት። የጎረቤቴ የወ/ሮ ዘነቡ ዓይን ከልብስ ገመዴ ላይ አይነሳም፤ ምን ትበል፣ በሳምንት ስንት አንሶላ!

ሱቅ። አንዲት ሙሽራ ቀለበት ስትለካ ያ እሳት ከደረቴ ተነሥቶ ጆሮዬ ድረስ። ላቤ ባንኮኒው መስታወት ላይ ጠብ ጠብ። ሙሽሪት ደነገጠች። አብሮኝ የሚሸጠው ግርማ፣ አራዳ ነኝ ባዩ፣ አልማዝም ይቀልጣል እንዴ አለ፤ በስሜ መቀለድ መቼ ሰልችቶት። ሁሉም ሣቀ። እኔም ሣቅሁ። ከዚያ ጓዳ ገብቼ በካርቶን ክዳን አራገብሁ።

የሚያስጨንቀኝ ግን ሙቀቱ አይደለም አንቺዬ፣ ደሙ ነው። በአንድ ወር ሁለቴ፣ ያውም ሳያንኳኳ። እሑድ ከቤ/ክ በር ተመለስሁ። ታናሼ ሰብለ ከስንት ስለት በኋላ ሴት ልጅ ወልዳለች። ክርስትና እናቷ እኔ ነኝ፤ ሆዷ ገና ሳይገፋ የሰጠችኝ ቃል ነው። ክርስትናው ኅዳር 7፣ በሰማንያ ቀኗ። ደም ላይ ያለች ሴት ደግሞ ቤተ መቅደስ አትገባም።

ልጅ የለኝም። ከእንግዲህም አይኖረኝም። ይህችን ልጅ ከጥምቀቱ ውሃ ተቀብዬ ማቀፍ ነው የቀረኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ሰዓዳ ጉዴን ደረሰችበት። ከጎናችን ሽቶ የምትሸጠው፣ የወሎዋ፣ እኩያዬ። የአክስቷ ልጅ ከዱባይ ያመጣውን የኪኒን ብልቃጥ ሰጠችኝ። አበባ ተስሎበታል፤ ጽሑፉን ሁለታችንም ማንበብ አልቻልንም። ተልባም ጨምሪበት አለች። እኔ ደግሞ በራሴ ሐኪምነት የደም ማነስ ኪኒን ገዛሁ፣ አይረን። ኬክ ቤት ቁጭ ብዬ ሁሉንም በማኪያቶ። አስተናጋጇ ቁርስ ነው ፋርማሲ ብላ ሣቀችብኝ።

ተስፋ አደረግሁ፣ እንደ ሞኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ከእሪ በከንቱ ዳገቱን ስወጣ ዓይኔ ጨለመ። ግንብ ይዤ ቆምሁ። ደሙ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አልቆመም። ሰዓዳ ሱቋን ዘግታ እየጎተተች ክሊኒክ ወሰደችኝ።

ዶ/ሯ ልጅ እግር ናት፣ ግን አትቸኩልም። የምውጠውን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አስወጣችኝ። ብልቃጡን አገላብጣ፣ ውስጡ ምን እንዳለ ሳላውቅ ምን ልበልዎ፣ ያቁሙት አለች። ተልባው ምግብ ነው፣ ይብሉት፤ ደም ግን አያቆምም። አይረኑን በማኪያቶ መዋጤን ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች። ቡናውም ወተቱም ኪኒኑን ሥራ ያስፈቱታል። ሰሞኑን የጠቀምሁት ኬክ ቤቱን ነው ማለት ነው።

ከዚያ ያንን ቃል አለችው። ወደ ማረጥ እየሄዱ ነው። አሮጊቶች ስለ ሌላ ሴት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲሉት ነው የማውቀው። የሆርሞን ሕክምና አለ፣ ግን የደሙ ምክንያት በአልትራሳውንድ ሳይታይ አልጀምርልዎትም አለች። ሆርሞን ስትል የታየኝ የፈረንጅ ዶሮ ነው።

ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስሁ። ሰዓዳ በሩ ላይ ቆማ ሰው ከለከለችልኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

አልትራሳውንዱ ደህና። ተመስገን። ዶ/ሯ ከቤተሰብ የጡት ካንሰር ያለበት፣ የደም መርጋት ያለበት እያለች ጠየቀች። የለም። ሆርሞኑን ጻፈችልኝ። ሙቀቱን ያበርዳል፣ ደሙንም መልክ ያስይዛል፤ ግን ጊዜ ይፈልጋል፣ መጀመሪያ ላይ እንዲያውም ጠብ ጠብ ሊል ይችላል። ለክርስትናው ቀን ቃል አልገባልዎትም አለች።

ገዛሁት። መሳቢያ ውስጥ ነው። አልነካሁትም። ከዋጥሁት ያ ቃል የእኔ ሆነ ማለት ነው።

ማታ ሰብለ ደወለች፣ ስለ ነጠላዬ ጥለት። ሳላስበው ሌላ ሰው ፈልጊ አልኳት። ለምን? ሥራ በዛብኝ። ሱቃችን እሑድ ዝግ መሆኑን ሕፃኗም ሳታውቅ አትቀርም። «ልጄን ጠላሻት እንዴ፣ እታለም?» ብላ ዘጋችው።

እኔ? እሷን? እራት አልበላልኝም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

የንስሐ አባቴ ጋ ሄድሁ። የአባ ጆሮ ደክሟል። ተጠግቼ በሹክሹክታ፣ አባ እያረጥሁ ነው አልኳቸው። ማረፍስ ለማን ይቀራል ልጄ፣ ግን ምን አሞሽ ነው? አሉ። ልሞት የተሰናበትኋቸው መስሏቸው መስቀላቸውን አወጡ። አይ አባ፣ ማረጥ! ማ-ረ-ጥ! ጮኽሁ። ደጅ ያለችው ቆሎ ሻጭ ቀና አለች። በቃ፣ አራዳ ሙሉ ሰማ።

አባ ሲገባቸው ሣቁ። እኔም እንባዬ እስኪመጣ። ከዚያ ኮስተር አሉ። ደሙ ከመጣ ደጅ ትቆሚያለሽ፣ ሥርዓት ነው፤ ኃጢአትሽ ግን አይደለም። ሌላ ሰው ታቁም ወይም ትጠብቅሽ፣ እሱን እናትየዋ ትወስን። ሳትነግሪያት በምኗ ትወስን? አሉ።

መስቀላቸውን ተሳልሜ ወጣሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ሰብለ ቤት። መጀመሪያ ፊቷን አዞረች። ነገርኳት፣ ያንን ቃል ሳልውጠው። ቀንተሽብኝ መስሎኝ ነበር አለች። ትንሽ ቀንቻለሁ አልኳት፤ እውነቱ እሱ ነው። መጥላት ግን የለበትም። አለቀሰች። ልጅቷን አምጥታ እቅፌ ውስጥ አኖረቻት።

ሙቀቱም ጊዜ አይመርጥ፣ ያኔ መጣ። ላስቀምጣት ስል ሕፃኗ ደረቴ ላይ ተለጠፈች፤ ውጭው የኅዳር ብርድ ነው። ተመችቷት እንቅልፍ ወሰዳት። ሰብለ፣ ማሞቂያ ልገዛ ነበር፣ ተረፍሁ አለች።

እሑድ፣ ኅዳር 7። ንጋት 11፡30

ነጠላዬን አንሥቼ ልወጣ ስል ደሙ መጣ። ዛሬ! ቀን ጠፍቶ!

ደወልሁ። ሌላ ሰው አቁሚ፣ አክስታችን አሉልሽ፣ አልቀየምም አልኳት። ድምፄ ግን ከዳኝ። ሰብለ፣ «ድግሱ ይበላ። ልጄ እስከ ሳምንት የክርስትና እናቷን ትጠብቃለች» አለች። አክስታችን ከኋላ ሰማንያ ቀኗ ሊያልፍ ነው እያሉ ሲጮኹ ይሰማኛል። ዘጋችው።

12፡15። መሳቢያውን ከፈትሁ። አንዲት ፍሬ፣ በውሃ። የእኔ ነው፣ ቃሉም ኪኒኑም። ማረጥ ከማረፍ የሚለየው በአንድ ፊደል ነው፤ ዛሬ ግን ማረፉ አልሆነልኝም፣ እንባዬ አልቆመም።

በር ላይ ሰው አለ። የሕፃን ለቅሶ። በመስኮት ሳይ ሰብለ ናት፣ እንግዳውን ሁሉ ለአክስታችን ጥላ መጥታለች። በዚህ ብርድ ልጅቷን ይዛ! ነይ የኔ እናት፣ ሙቀት እንደሆነ እኔ ዘንድ ሞልቷል። ልክፈትላት።