በካምፓችን እርጉዝ የለም

ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ በሙዝ እርሻ ካምፕ ጨቅላ ሕፃናት እየሞቱ ስለመሆኑ

ክቡር ሆይ፣ አስቀድሜ አንዲት ሐፍረቴን ልንገርዎ። ባለፈው ሰኞ ጉዳዬን በቃል ላስረዳ ከቢሮዎ ደጃፍ ተሰልፌ ነበር። ከኋላዬ የቆመች ሴት ያዘለችው ሕፃን አለቀሰ። ጡቴ የራሴው ልጅ መስሎት ወተቱን ለቀቀው፤ ቀሚሴ ራሰ። ወንዶች ስለነበሩ በነጠላዬ ሸፍኜ ተመለስኩ። ስለዚህ በጽሑፍ አቀርባለሁ።

1. አመልካች ወደ ምዕራብ ዓባያ በሚወስደው መንገድ ባለ አንድ የሙዝ እርሻ በተሸካሚነት እሠራለሁ፤ የምኖረውም በእርሻው ካምፕ ነው። ክፍል የሚሰጠው ሥራ ላይ ላለ ሰው ብቻ ነው። ወልዳ የተኛች ሴት ክፍሏን ትለቃለች።

2. ካምፓችን ወሬ የሚደበቅበት ቦታ አይደለም። ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የማን ወጥ እንዳረረ ሳይነጋ ይሰማል። እርግዝና ግን አይወራም። የእርጉዟ ክፍል እንዳይወሰድ፣ ማንም ሳይመክር ሁሉም አፉን ይዘጋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጽጌረዳ መጥታ "እርጉዝ አለ?" ስትል አለቃችን አጠገቧ ቆሞ ነበር። ጎረቤቴ እማማ ጌጤ "ልጄ፣ እዚህ የሚያረግዘው ሙዙ ብቻ ነው" አሉ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሆዴን በመሸከሚያው ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ከቅጠል ክምሩ ጀርባ ቆሜ ሳቅሁ።

3. ልጄ ከወሩ ቀድሞ፣ ሙዝ ስሸከም በዋልኩበት ቀን ማታ ተወለደ። ወንድ ነበር። ጎረቤቶቼ በሹክሹክታ እልል ብለው ተቀበሉት፣ በቦይ ውኃ አጠቡት። ከዚያ በኋላ ገላው አልሞቀም። መኪና እንጥራ ያለም ነበር፤ አለቃው ይሰማል ተብሎ ቀረ። በማግስቱ ሞተ። ከቀበርነው በኋላ ሥራ ገባሁ። ክፍሌ አልተወሰደም።

4. ጽጌረዳ ኋላ እንደነገረችኝ፣ ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ቶሎ አይታጠብም፤ ከእናቱ ደረት ጋር ገላ ለገላ ይታቀፋል። ቀድማ ብታውቅ ጤና ጣቢያ ትወስደኝ ነበር። የዋሹልኝ ስለሚወዱኝ ነውና ማንንም አልከስም። ከእኔ በፊትም እንዲሁ የቀበሩ አሉ።

5. አሁንም ከመካከላችን የአንዲት ሴት መውለጃ ደርሷል። ስሟን አልጽፍም።

ስለዚህ ጽሕፈት ቤትዎ ከእርሻው ጋር ተነጋግሮ ወላድ ክፍሏን እንዳትለቅ እንዲያደርግልን፣ ጽጌረዳም ያለ አለቃ፣ እሑድ ከቸርች ስንመለስ ቤት ለቤት እንድትገባ እንዲልክልን በትሕትና እለምናለሁ። ይህን በመፈረሜ እኔ ክፍሌን ላጣ እችላለሁ። ስለ እሱ አቤቱታ የለኝም።

ሴትየዋ የወለደች ዕለት፣ ሕፃኑ ቢተርፍም ባይተርፍም፣ መጥቼ እነግርዎታለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታዬ ጋር

ምሥጋና ኦይታ
(ፊርማ)