አባቴ ያመሰገነህ ቀን

ውድ ኤፍሬም፣

የእጅ ጽሑፌን ስታይ ልብህ ድንግጥ እንደሚል አውቃለሁ። አትደንግጥ፤ ምንም አልጠይቅህም። ከፈለግህ ለባለቤትህም አንብብላት፤ የሚደበቅ ነገር የለበትም። ጓደኛዬ ኡሙሃኒ የሴት ልጅህን ፎቶ ስልኳ ላይ አሳየችኝ። የልጅቷ ዓይን ቁርጥ ያንተ ነው፤ እግዜር ያሳድግልህ። የጻፍኩልህ ግን ያኔ ለምን እንደተውኩህ ልነግርህ ነው። "ሐሳቤን ቀይሬአለሁ" ብቻ ብዬህ ስልኬን ዘጋሁ። ሰው እንዲህ አይሸኝም።

መቼም እንዴት እንደተዋወቅን አልረሳኸውም። ለተማሪዎችህ የአማርኛ ፈተና በኮምፒውተር ልታስጽፍ ቆቦ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለችው የጽሕፈት ሱቄ መጣህ። "ከሚከተሉት ዓረፍተ ነገሮች ምጸት የሆነው የቱ ነው?" የሚለው ላይ ስደርስ መልሱ ተሳስቷል ብዬ ሞገትኩህ። ወንበር ስበህ ተቀመጥክና ታስተምረኝ ጀመር። ቀልድ ሁሉም የሚስቅበት ነው፤ ፌዝ አንዱ የማይስቅበት ነው፤ ምጸት አፍ ሌላ፣ ልብ ሌላ ሲሆን ነው፤ ሽሙጥ ደግሞ ያው ምጸት እሾህ ሲያወጣ ነው አልከኝ። እኔም፣ "እንግዲያው አባዬን መጥተህ ስማው፤ የትኛው እንደሆነ ትነግረኛለህ" አልኩህ። ምነው ባላልኩህ።

አባዬን፣ አራጌን፣ ሮቢት ውስጥ የማያውቀው የለም። የሚወደውን ነገር በደህና ስም ጠርቶ አያውቅም። ማሽላው ራሱ ከብዶት ጎንበስ እስኪል አፍርቶ እያየ፣ "ዘንድሮማ ለወፍም አይበቃ" ይላል። ቡሬ የሚባለውን በሬውን "የጅብ ትራፊ" ይለዋል፤ ሲመሽ ግን ከእኛ ቀድሞ የሚያበላው እሱን ነው። እናቴ ቆንጅት ብላ ያወጣችልኝን ስም አንድ ቀን አልጠራውም፤ ለእሱ እኔ ፉንጋ ነኝ። ጎረቤታችን በድረዲን ከብቶቹን አይቶ "ማሻ አላህ" ሲለው እንኳ፣ "ደግሞ ምናቸውን አይተህ ነው?" ብሎ ይቆጣል። ዓይን ይፈራል። በደህና ቃል ሲያነሣ የሰማሁት ሚዛን የሚያጭበረብረውን እህል ነጋዴ ብቻ ነው፤ እሱን "የተባረከ ሰው" ይለዋል። እኛ ቤት ስድብ ፍቅር ነበር፣ ሙገሳ ደግሞ ጥፊ። እኔ ያደግሁት ይህን እየሰማሁ ነው።

ከዚያ በመከር ልታግዘን መጣህ። ማን እንደሆንክ ለአባዬ ነግሬዋለሁ፤ በሳምንቱ ሽማግሌ እንደምትልክም ያውቃል። ነጭ ሸራ ጫማህን አድርገህ አውድማው ላይ ቆምክ። ማሽላ የምትወቃበትን ዱላ ስታነሣ የራስህን ጭንቅላት ልትመታ ምንም አይቀርህም። ይባስ ብለህ አፉ ያልታሰረ ጆንያ ተሸከምክና ግማሹን ማሽላ መንገድ ላይ ዘራኸው። ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ አንተም አብረህ ሳቅህ። እንጀራ ቀርቦ ስንቀመጥ ነው አባዬ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንዲህ ያለው፦

"ጥሩ ልጅ ነው። ጨዋ ነው። እጁም ሥራ ይወዳል።"

በድረዲን ትን እስኪለው ሳቀ። "ኧረ አያ አራጌ! ምስኪኑን ልጅ ዛሬን እንኳ ቢምሩት ምን አለ!" አለ። አንተ ግን እጅህን ደረትህ ላይ አድርገህ፣ ፊትህ በርቶ፣ "እግዜር ይስጥልኝ፣ አባባ" አልክ።

ያንን ፊትህን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ምጸት የሚያስተምር ሰው ሲሾፍበት አይገባውም ብዬ አፈርኩልህ። አባቴ እንዳልፈለገህ እርግጠኛ ሆንኩ። እሱን ማስቀየም አልቻልኩም፤ ተዋርደሃል ብዬ ልነግርህም አንጀቴ አልቻለም። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ሳይመጡ አስቀረኋቸው። አባዬ ለምን እንደቀሩ አልጠየቀኝም፤ ዝምታውን ደስ ቢለው ነው ብዬ ተረጎምኩት። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ስልኩም ተቋረጠ፣ መንገዱም ተዘጋ። ሲከፈት ወልድያ ማግባትህን ሰማሁ።

አባዬ አሁን አርጅቷል። አይወቃም፤ አውድማው ዳር ተቀምጦ የሚወቁትን ይሳደባል። ዘንድሮ ምሳ ይዤለት ሄጄ አጠገቡ እንደተቀመጥኩ የእህቴ ባል ጆንያ ሲያነሣ አምልጦት ጥቂት ማሽላ ፈሰሰ። "ገልቱ!" ብሎ ጮኸበት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"ያ መምህር ግን ለምን ቀረ?"

"አንተ አይደለህ እንዴ ያዋረድከው?"

"እኔ? ምን ብዬ?"

"'ጥሩ ልጅ ነው፣ ጨዋ ነው' ብለህ ነዋ!"

ግራ ገብቶት አየኝ። "ታዲያ ጥሩ ልጅ አልነበረም?"

"አንተ መቼ ጥሩውን ጥሩ ብለህ ታውቃለህ፣ አባዬ?"

"እኔ የማጥላላው የራሴን ነው። የሰው ልጅ ቤቴ መጥቶ፣ እጁ እስኪላጥ ሠርቶልኝ፣ በምን አፌ አጥላላዋለሁ? ገና የኔ አልሆነማ! የኔ እስኪሆን እየጠበቅሁ ነበር።"

"ታዲያ ያኔ ለምን ቀረ ብለህ አልጠየቅኸኝም?"

"አንቺ ጠላሽው ብዬ ነዋ። አስገድጄ ልዳርሽ?"

ኤፍሬም፣ በሕይወቴ እንደዚህ የቆጨኝ ነገር የለም። እዚያ ገበታ ላይ ከተቀመጥነው ሁሉ አባቴን በትክክል የሰማኸው አንተ ብቻ ነበርክ። እሱ ያለውን አመንክ፣ አመሰገንክ፣ በቃ። እኔ ግን የአባቴን ቋንቋ አውቃለሁ ብዬ ስለተመካሁ አንተን አጣሁ። እወድህ ነበር። ይህንንም ቢሆን ያኔ በቀልድ እየጠቀለልኩ እንጂ እንዲህ ፊት ለፊት ነግሬህ አላውቅም።

ልጅ መውለድህን ለአባዬ ነገርኩት። ፎቶዋን ከኡሙሃኒ አስልኬ አሳየሁት። ስልኩን ከዓይኑ አርቆ፣ ፀሐዩን በመዳፉ ከልሎ ብዙ አያት። "ይቺ ደግሞ ምን ፉንጋ ናት!" አለ። ምርቃት ነው፤ እናቷ እንዳትቀየም አስረዳት። ቀልድ ነው፣ ምጸት ነው፣ ምን እንደሚባል አንተ ታውቃለህ። ሱቄ ውስጥ መልስ ሳትሰጠኝ የቀረኸው ጥያቄ ይኸው ነበር።

ልጽፍልህ መሆኑንም ነገርኩት። መልእክት ካለህ ብለው በከዘራው መሬቱን ቆረቆረ።

"ያን ገልቱ፣ ጆንያ ማሰር ለመድክ ወይ ብሎሃል በይልኝ" አለኝ።

ይኸው ብያለሁ። ደህና ሁን።

ፉንጋዋ ቆንጅት
ሮቢት